በ«100ሲ» ስቲከር የተሸፈነ የላፕቶፕ ባትሪ እየተሸጠ ነው፤ ተጠንቀቁ

አርሲ (በሪሞት የሚነዳ) መኪና የምታሽቀዳድሙ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ባትሪ እንዳትገዙ። ቴሌግራም ላይ «ከዱባይ የገባ፣ ኦርጅናል፣ 2ኤስ፣ 5200 ሚሊአምፕ፣ 100ሲ፣ ጥቂት ፍሬ ቀርቷል፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» እያለ የሚለጥፈውን ዓይነት ሻጭ ታውቁታላችሁ። 2ኤስ ማለት ሁለት ሴል በተከታታይ፣ 5200 ሚሊአምፕ አቅሙ፣ 100ሲ ደግሞ የአቅሙን መቶ እጥፍ ጅረት በአንዴ ይለቃል ማለት ነው። ሱቅ አለው፣ የመስታወት ባንኮኒ አለው፣ ድሮንና ሞተር ደርድሯል፣ «ወንድሜ» ሳይል አረፍተ ነገር አይጀምርም። ዋጋው ርካሽ ቢሆን «ርካሽ ነገር እንዲህ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ርካሽ አይደለም። የሚቀበለው የእውነተኛ የውድድር ሊፖ (ብዙ ጅረት የሚለቅ ጠፍጣፋ ሊትየም ባትሪ) ዋጋ ነው፣ ሳንቲም አይቀንስም።

ዕቃው ከውጭ ሲታይ እንከን የለውም። ጥቁር ጠንካራ ፕላስቲክ ኬዝ፣ ወደ 139 በ47 በ25 ሚሊሜትር፣ ማለትም 1/10 መኪና (የእውነተኛው አንድ አሥረኛ) ላይ የሚገጥመው የተለመደው ረጅሙ መጠን። ወፍራም ገመድ፣ ኤክስቲ60 ሶኬት፣ ሦስት ቀጭን ሽቦ ያለው ባላንስ (ሴሎቹ ለየብቻ የሚለኩበት ሶኬት)፣ ቀይ የሚያብረቀርቅ ስቲከር። ውስጡ ግን ሊፖ የሚባል ነገር የለም። ያለው 18650 የሚባለው ክብ ሴል ነው፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ እየተፈታ የሚሸጠው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ስፋቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። ሁለቱ በርዝመት 130፣ ሁለቱ በጎን 36። አራት ፍሬ ልክ እዚያ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ከፍታው 25 ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ድርብ አይበቃውም። እኛ እጅ የገባው ውስጥ ሁለቱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ልባስ ነበራቸው። አንድ ላፕቶፕ እንኳ አልበቃቸውም፣ ከየቦታው ነው የለቀሙት።

ምልክቱ ሁልጊዜ ያው ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ጎማው በአየር ላይ ሲሽከረከር ሁሉም ሰላም ነው፤ ሞተሩ ያፏጫል፣ ሻጩም ባንኮኒው ላይ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። መሬት ወርዶ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ጥቂት ሜትር ይሄድና ይስላል፣ ቀጥ ይላል፣ ኢኤስሲው (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ሰርኪት) ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ እንደገና ይነሳል። ሰው ሞተሩን ይጠረጥራል፣ ጊሩን ይቀይራል፣ ኢኤስሲውን እንደ አዲስ ያስተካክላል። ችግሩ ግን በቀላል ሒሳብ የሚታይ ነው። ያረጀ የላፕቶፕ ሴል የውስጥ ሬዚስታንሱ (ጅረቱን ከውስጥ የሚገታው) ወደ 80 ሚሊኦም ይደርሳል። ሁለቱ በፓራለል ሲታሰሩ 40፣ ሁለቱ ጥንዶች በተከታታይ ሲቀጠሉ ተመልሶ 80። ብራሽለስ ሞተር ያለው 1/10 መኪና ከቆመበት ሲነሳ 60 አምፔር መሳብ ብርቁ አይደለም። 60 ሲባዛ በ0.08፣ 4.8 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ከ8.4 ላይ ተቀንሶ ለመኪናው የሚደርሰው 3.6 ነው። ኢኤስሲው ደግሞ ሊፖውን ለማዳን ከ6.4 እስከ 6.8 ቮልት አካባቢ ሲደርስ እንዲዘጋ ነው የሚስተካከለው። ዘጋ። ሥራውን ነው የሠራው። ደህና የውድድር ሊፖ ግን በአንድ ሴል 2 ወይም 3 ሚሊኦም ነው፤ ሁለቱ ሴሎች አንድ ላይ 6 ሚሊኦም ቢሆኑ እንኳ በዚያው 60 አምፔር የሚጠፋው 0.36 ቮልት ብቻ ነው።

አሁን ደም የሚያፈላው ነገር።

ባትሪው ሊመለስ ባንኮኒው ላይ ተቀመጠ። ሙቀቱ ኬዙን የያዘውን ኮላ አልፈስፍሶት አንዱ ጎን ተላቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ሮዝ ነገር ይታያል። የሊፖ ሴል ብርማ ወይም ጥቁር ጠፍጣፋ ከረጢት ነው፤ ሮዝ ድብልብል ነገር እዚያ ምን ይሠራል? ሻጩ አየው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ አውራ ጣቱን ስንጥቁ ላይ ጭኖ ገጠመው። በሌላ እጁ ያቺን ትንሽዬ የሴል መለኪያ ባላንሱ ላይ ሰካና ስክሪኑን አዞረው። 8.39። «ይኸው ወንድሜ፣ ሙሉ ነው። አንዱ 4.20፣ አንዱ 4.19። ምን ጎደለው?» አውራ ጣቱ ከስንጥቁ አልተነሳም። በአንድ የመኪና አምፖል ተጭኖ ይለካ ሲባል «ባትሪውን ልታቃጥሉት ነው?» አለ። ጎኑ የቆመው ሠራተኛ ሳቀ፤ «ለአሻንጉሊት መኪና ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ሳይንስ?» ሻጩም ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ከባንኮኒው ሥር ጥቁር ናስትሮ አወጣ፣ ስንጥቁን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ጠቀለለ፣ «ኢኤስሲያችሁን አስፈትሹ» ብሎ ባትሪውን በጣቱ ገፋው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል።

ሳያውቅ የሸጠ ሰው ስንጥቅ በጣቱ አይሸፍንም። ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል።

ያ 8.39 ግን ብዙ ሰው የሚሸኝበት ቁጥር ስለሆነ እንነጋገርበት። ያለ ጭነት (ምንም ነገር ሳይስብበት) የተለካ ቮልት ባትሪው መሙላቱን እንጂ መቻሉን አይናገርም። የሞተ የላፕቶፕ ሴልም ቻርጀር ላይ ካደረ 4.20 ያሳያል። ሌላም አለ፤ «አዲስ፣ ካርቶኑ አልተከፈተም» የተባለ ባትሪ 8.4 ካሳየ ያ ራሱ ማስረጃ ነው። ለብቻው ታሽጎ በካርጎ አውሮፕላን የሚጫን ሊትየም ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከአቅሙ 30 በመቶ በላይ ሞልቶ እንዲጫን አይፈቀድም። በባሕር የመጣውም ቢሆን የሚመጣው በማከማቻ ቮልት፣ በሴል 3.8 አካባቢ ነው። ከካርቶን የወጣ 2ኤስ ሊፖ ከ7.4 እስከ 7.7 መካከል ቢያሳይ ጤነኛ ነው። 8.4 ካሳየ አንድ ሰው ከፍቶ ሞልቶታል፤ ሊፖ ደግሞ እንደሞላ መደርደሪያ ላይ ከሰነበተ እውነተኛም ቢሆን ያረጃል፣ ያብጣል። ጠንካራው ኬዝ እብጠቱን ይደብቃል።

ስለ ስቲከሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 100ሲ ማለት 100 ሲባዛ በ5.2፣ 520 አምፔር ማለት ነው። የብረታ ብረት ቤት ብየዳ ማሽን እንኳ በአብዛኛው ከ200 እና ከ250 አይዘልም። በዚያ ላይ የተበየደው ኤክስቲ60 የተሠራው ቢበዛ ለ60 አምፔር ነው። ታዋቂ አምራቾችም የሲ ቁጥር ያጋንናሉ፣ እሱ የታወቀ ነው። ልዩነቱ የነሱ ውስጥ ቢያንስ ሊፖ መኖሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራል። ሻጩ «ኃይል ካነሰው ኤችቪ ላይ አድርጋችሁ በ8.7 ሙሉት» ብሎ ይመክራል፤ ኤችቪ ቻርጀሩ ላይ ያለው የከፍተኛ ቮልት ምርጫ ነው። ይህን ምክር ለማንም እንዳታስተላልፉ። 4.35 በሴል የሚቀበለው ለዚያ ተብሎ የተሠራ፣ 7.6 ቮልት የሚል የተጻፈበት ባትሪ ብቻ ነው። ተራ ሊፖ 4.20 ላይ ያበቃል፤ የአሜሪካው የአርሲ እሽቅድምድም ማኅበር ሮርም 2ኤስ ባትሪን ከ8.40 አያሳልፍም። እነዚህ የላፕቶፕ ሴሎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስቲከሩን አምኖ በ5 አምፔር የሚሞላ ሰው ለእያንዳንዱ ሴል 2.5 አምፔር እየሰጠ ነው፤ ያረጀ 2200 ሚሊአምፕ ሴል ከ1.1 ብዙም ማለፍ የለበትም። በላፕቶፑ ውስጥ የነበረው መከላከያ ሰርኪት ተነቅሏል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሁለት ሴሎች በፓራለል ሲታሰሩ ሸክሙን እኩል አይካፈሉም፣ ባላንሱ ደግሞ የሚያየው ጥንዱን እንጂ እያንዳንዱን አይደለም። አንዱ ብቻውን ሲግል ቻርጀሩ «ሁሉም ደህና» ይላል። ይህ ነገር ሌሊት ሳሎን ውስጥ ተሰክቶ የሚያድርባቸው ቤቶች አሉ።

ለመለየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይብቃችሁ። አንድ 18650 ወደ 45 ግራም ነው፤ አራቱ 180፣ ከኬዝና ከገመድ ጋር ወደ 220። እውነተኛ 5000 ወይም 5200 ረጅም ሊፖ 250 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። 8000 የሚል ተጽፎበት ከ300 በታች ከሆነ ሳትከራከሩ ውጡ። አጭሩን፣ ሾርቲ የሚባለውን 96 ሚሊሜትር ባትሪ በዚህ አትለኩት፣ እሱ በተፈጥሮው ቀላል ነው። ፓወር ባንክ ውስጥ አሸዋ የሚሞሉ ሰዎች ባሉበት ክብደት ብቻውን አያድንም፤ ስለዚህ አምፖል ጨምሩ። ተራ የ12 ቮልት ኤች4 የመኪና አምፖል በአንዱ ክር በ2ኤስ ባትሪ ላይ 3.5 አምፔር ገደማ ይስባል። የሴል መለኪያውን ባላንሱ ላይ አድርጋችሁ አምፖሉን አብሩት። ደህና ሊፖ ጥቂት መቶኛ ቮልት ይወርድና ይቆማል። የላፕቶፑ ወዲያው ከ0.25 በላይ ይወርዳል፣ እያያችሁትም መውረዱን ይቀጥላል። አቅሙንም በዚያው መለካት ይቻላል፤ የቮልት አላርሙን 3.3 ላይ አድርጋችሁ ብትተዉት እውነተኛ 5200 አምፖሉን ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ያበራል። አይማክስ ቢ6 በሚባለው ቻርጀር ላወርደው የሚል ካለ ይታገሥ፣ የዚያ ቻርጀር ማውረጃ 5 ዋት ብቻ ስለሆነ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አጠገቡ ሳትኖሩ አታድርጉት እንጂ ሁለቱም መንገድ ይሠራል።

ቻርጀራችሁ የውስጥ ሬዚስታንስ የሚለካ ከሆነ ቁጥሩን በሴል አንብቡ። ከ3 ወይም ከ4 ሚሊኦም በላይ የሚያሳይ «አዲስ» 5000 የውድድር ባትሪ አዲስ አይደለም። ሁለቱ ሴሎች በሰፊው ከተለያዩም ተዉት። የሐምሌ ጠዋት ብርድ ላይ ብትለኩ ግን ደህናውም ከፍ ብሎ ይታያል፤ ክፍል ሙቀት ላይ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ለኩ። ኬዙን በቢላ ፈልቅቆ ለማየት ማንም እንዳይሞክር፤ ውስጡ እውነተኛ ሊፖ ከሆነ ከረጢቱን ትወጉታላችሁ፣ እሳት ነው።

ከውጭ በሰው የምታስመጡ፣ የሚያመጣላችሁ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፎቶ ይላክላችሁ። 2ኤስ 5000 ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ነው፣ ከ100 በታች ስለሆነ በእጅ ቦርሳ ያልፋል፤ የሶኬቱ ጫፍ ይሸፈን፣ ሻንጣ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። እዚህ የምትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ። «አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሕግ አይሽርም፤ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ የሸማቹ መብት ነው። ደረሰኝ ከሌለ ግን ከየትኛው ሱቅ እንደገዛችሁ የምታስረዱበት የለም፣ እሱም ይህን በደንብ ያውቃል።

ይህን ባትሪ የያዛችሁ ካላችሁ ከእንግዲህ አትሙሉት። በአምፖል አውርዳችሁ ጨርሱት፣ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኑ፣ ከቤት ውጭ ብረት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉት። ቀዩ ስቲከር ደግሞ ከቻናሉ ወርዷል። አሁን የወጣው ሰማያዊ ነው፣ 120ሲ፣ 6200 ሚሊአምፕ ይላል። ኬዙ ያው ነው፤ ገመዱ በሚወጣበት በኩል መገጣጠሚያው ላይ የፈሰሰ ነጭ ኮላ ፎቶው ላይ ይታያል።