የግሪክኛ አዲስ ኪዳን መተግበሪያ በዮሐንስ 1፥14 ሲፈተን

የአዲስ ኪዳንን ግሪክኛ ቃላት ከነፍቺያቸው የሚያሳይ አንድ የስልክ መተግበሪያ ለጥቂት ወራት ተጠቅሜያለሁ። ብዙ ምዕራፎችን በችኮላ ከማገላበጥ አንዱን ቁጥር እስከ ሥሩ መከተል የመሣሪያውን ብርታትና ድካም ይበልጥ ስለሚገልጥ፣ «ቃልም ሥጋ ሆነ» የሚለውን ዮሐንስ 1፥14 መርጬ አማርኛውን ከጎኑ ዘርግቼ ፈተንሁት።

በአማርኛችን «አደረ» የተባለው ግሥ በግሪክኛው «ኤስኬኖሴን» ነው። ቃሉን ስነካው ጄምስ ስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመውና ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥር በሰጠበት የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ማውጫ የያዘው ቁጥር 4637፣ «ድንኳን» የሚል ትርጉም ያለው ዘመዱ «ስኬኔ» እና ግሡ የሚገኝባቸው ቦታዎች ወዲያው ተዘረዘሩ። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ያለው አምስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት አራቱ በሙሉ በዮሐንስ ራእይ ውስጥ ናቸው። ይህን በእጅ ለመሰብሰብ ረጅም ሰዓት ይፈጅ ስለነበር፣ ለዚህ አገልግሎቱ ብቻ እንኳ መተግበሪያውን ያለማመንታት እመክረዋለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከፍቺው ነው። መተግበሪያው ግሡን በሁሉም ቦታ «ድንኳን ተከለ» ብሎ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ራእይ 12፥12 በሰማያት ስለሚያድሩት ሲናገር ድንኳንን ማሰብ ግድ አይደለም፤ የቃል ሥር ብቻውን ትርጉምን አይወስንምና። በዮሐንስ 1፥14 ድንኳኑን በእርግጥ የሚያስታውሰን ጎረቤቱ «ዶክሳ»፣ ማለትም «ክብር» ነው። በዘጸአት 40፥34 ደመናው ድንኳኑን ሲሸፍንና የጌታ ክብር ሲሞላው፣ ጥንታዊው የብሉይ ኪዳን ግሪክኛ ትርጉም፣ ማለትም የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ የተጠቀመው እነዚሁኑ «ስኬኔ» እና «ዶክሳ» የተባሉትን ቃላት ነው። መተግበሪያው የሰብዓ ሊቃናትን ትርጉም ስለማይዝ ይህን ዝምድና ሊያሳየኝ አልቻለም፤ ሌላ መጽሐፍ መክፈት ነበረብኝ። ያን ካደረግሁ በኋላ ግን ልቤን የነካው የራሳችን ቋንቋ ነው፤ አማርኛው በዘጸአት ክብሩ የሞላውን ስፍራ «ማደሪያ» ይለዋል፣ በዮሐንስም ቃል «አደረ» ይላል። ግእዙም «ኀደረ» ብሎ «ማኅደር»ን ከዚያው ሥር ያወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያነበብሁት ቁጥር ይህን ሁሉ ይዞ ኖሯል።

ሁለተኛው ጉድለት የግሥን ጊዜ የሚመለከት ነው። ወንጌላዊው በቁጥር 1 ሦስት ጊዜ «ኤን»፣ «ነበረ»፣ ካለ በኋላ በቁጥር 14 «ኤጌኔቶ»፣ «ሆነ»፣ ይላል፤ ሳያቋርጥ የነበረው ቃል በአንድ ወቅት ያልነበረውን ሥጋ ሆነ ማለት ነው። መተግበሪያው በፊት ገጹ የመዝገበ ቃላቱን ቅርጽ ብቻ ስለሚያወጣ፣ ቅርጹን የሚገልጸውን ክፍል በተደበቀ ምናሌ ውስጥ ፈልጎ ያላገኘ አንባቢ ልዩነቱን በግማሽ ብቻ ያያል። «ሳርክስ» ለተባለው ቃልም «ሥጋ»፣ «አካል» እና «ኃጢአተኛ ባሕርይ» የሚሉት ፍቺዎች ያለ ልዩነት በአንድ መስመር ተደርድረዋል። የመጨረሻው ለሮሜ 8 እንጂ ለዚህ ቁጥር እንደማይሆን የሚያስጠነቅቅ አንዲት ቃል እንኳ አለመኖሯ፣ በተለይ ለጀማሪ አንባቢ፣ ቀላል ስሕተት አይደለም።