ለላዋ ሐይቅ የጤና በጎ ፈቃደኞች፦ ምስጋናና ጥቆማ

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ በኮን ኬን ክፍለ ሀገር፣ በላዋ ሐይቅ ዙሪያ ለሚሠሩት የመንደር ጤና በጎ ፈቃደኞች ምስጋናችን ይድረሳቸው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብረዋቸው ለደከሙት የኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ለመሪያቸው ለፕሮፌሰር ባንቾብ ስሪፓም እንዲሁ። በጥገኛ ትሎች ላይ የምትሠሩ የላቦራቶሪና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች፣ ሥራቸውን ፈልጋችሁ አንብቡት።

የሚታገሉት ኦፒስቶርኪስ ቪቬሪኒ የተባለውን የጉበት ትል ነው። ቅጠል መሳይ ሲሆን ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ውኃ ሲገባ ቢቲኒያ የምትባል ትንሽ ቀንድ አውጣ ትውጠዋለች። ከእሷ የሚወጣው እጭ የካርፕ ዘመድ በሆኑ ዓሦች ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል። የአገሩ ሰው ደግሞ ኮይ ፕላ ይወዳል፦ ተከትፎ በሎሚ፣ በቃሪያና በቅጠላ ቅጠል የተለወሰ ጥሬ ዓሣ። (ጥሬ ክትፎ የሚወድ ሰው አይፈርድባቸውም።) ሎሚው ሥጋውን ነጭ ያደርገዋል እንጂ እጩን አይገድልም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ትል በ1994 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ምድብ አስገብቶታል፤ ካንሰሩም የሐሞት ቱቦ ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው። ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 600 ሚሊ ግራሙ ክኒን 4 ፍሬ ማለት ነው። ስለሚያዞር በዚያን ቀን መኪና መንዳት አይገባም። ችግሩ፣ መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግም ከመያዝ አያድንም። «በልቼ ክኒኔን እውጣለሁ» የሚል ልማድ ከገባ ዘመቻው ውኃ በላው።

የላዋዎቹ ብልሃት ክኒን አድሎ አለመሄድ ነው። ቤት ለቤት ሰገራ አስመርምረው ካከሙ በኋላ ወደ ማድ ቤት ይገባሉ፤ ምግቡን ተዉ አይሉም፣ አብስላችሁ ብሉት ይላሉ። ትምህርት ቤት ገብተው ልጆችን ያስተምራሉ። ትሉ በድመትና በውሻም ስለሚኖር እነሱንም አይረሱም። የሐይቁን ቀንድ አውጣና ዓሣ እየመረመሩ ይከታተላሉ። በክፉኛ በተጠቁት መንደሮች 60 በመቶ ገደማ የነበረው በትሉ የተያዘ ሰው ከ10 በመቶ በታች ወርዷል፤ እስከ 70 በመቶ ይደርስ የነበረው የዓሣው ከ1 በመቶ በታች። እኛ የምናደንቀው ሁለተኛውን ነው። የሰው ቁጥር በክኒን ብቻ ለጊዜው ሊወርድ ይችላል፤ ዓሣው ንጹሕ የሚሆነው ሰንሰለቱ ውኃው ውስጥ ሲበጠስ ነው።

ለማድ ቤት፦ ዓሣው እስከ መሐሉ 63 ዲግሪ ይብሰል፤ ወይም በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች 7 ቀን ይቀዝቅዝ። የቤት ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ እዚያ ስለማይደርስ በቴርሞሜትር አረጋግጡ። ለጥቂት ቀን ብቻ የተብላላ ዓሣ አያስተማምንም።

ለላቦራቶሪ፦ ለቢልሃርዝያ የምትጠቀሙበት ባለ 41.7 ሚሊ ግራሙ ካቶ ካትዝ (ሰገራ ውስጥ ያለ የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ የሚቆጠርበት ዘዴ) ይሠራል፤ በአንድ ግራም ሰገራ ስንት እንቁላል እንዳለ ለማወቅ የተቆጠረው በ24 ይባዛል። ነገር ግን ጥቂት ትል ብቻ ያለበት ሰው ያመልጠዋል፤ እንቁላሉም ከትናንሽ የአንጀት ቅጠል ትሎች እንቁላል ጋር ይምታታል። ከተጠራጠራችሁ እንቁላሉን ከሰገራው ለይቶ በሚያጠራቅመው የፎርማሊን ኤተር ዘዴ አጣርታችሁ ድገሙት።

ቄራ ላይ በከብትና በበግ ጉበት የምናየው ፋሽዮላ ግን ሌላ ትል ነው። የሚተላለፈው በዓሣ ሳይሆን በውኃ ዳር ተክልና በተበከለ ውኃ ነው። ፕራዚኳንቴልም አይሠራበትም፤ መድኃኒቱ ትሪክላቤንዳዞል ነው።