ማሳያዋ ሌላ፣ የሚያስረክቡት ሌላ፦ ዩዋን ፕላስ ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን አንብቡ

የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ብር ልታስገቡ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ጉዳዩ አቤቱታ ላይ ስለሆነ የመሸጫውን ስም አልጠራም። ባልጠራውም ግን ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። በመስታወት የተከበበ አዳራሽ፣ ፊት የሚያሳይ ወለል፣ ገና ሳትቀመጡ ቡና፣ "እንኳን ደህና መጡ ጋሼ"፣ "ይቺ ዋጋ እስከ ዓርብ ብቻ ናት፣ ዶላር እየጨመረ ነው"። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያወሩት።

እኔና ባለቤቴ ስናወዳድር የቆየነው ሁለት አነስ ያሉ ኤስዩቪዎችን ነው፤ ሁለቱም የቢዋይዲ፣ ዩዋን አፕ እና ዩዋን ፕላስ። አፕ ትልቁን ባትሪዋን ከያዘች 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው (ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው)፣ በቻይና ልኬት አንዴ ከሞላች 401 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። ፕላስ በርዝመት 14 ሳንቲ ያህል ትበልጣለች፣ የኋላ ወንበሯ ሰፋ ይላል፣ ጉልበቷም ጠንከር ያለ ነው። ለወንበር ብለን ግን አምስት ሳንቲም አንጨምርም ነበር። ከአያት ሜክሲኮ ለመመላለስ አፕ ከበቂ በላይ ናት።

የኛ ጉዳይ ሀዋሳ ነው። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው፣ ለሕክምና አዲስ አበባ እናመላልሳታለን። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቻይናው ልኬት ደግሞ እጁ ሰፊ ነው፤ ትልቁን ባትሪ የያዘችው ፕላስ እዚያ 510 ተብላ በአውሮፓ ልኬት 420 ነው የምትባለው። ከሀዋሳ ስትመለሱ ከ1,700 ሜትር ተነስታችሁ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምትወጡት። የታመመች እናት ከኋላ አስተኝቼ ባትሪ አለቀ ብዬ መንገድ ዳር መቆም አልፈልግም። ለዚህ ስንል ከሁለቱ ፕላስን መረጥን፣ ከፕላስም 510ዋን። ፕላስ በሁለት ባትሪ ነው የምትመጣው፤ 49.92 ኪሎዋት ሰዓት የያዘችው 430 ኪሎ ሜትር፣ 60.48 የያዘችው 510 ኪሎ ሜትር። ስሙ ያው ነው፣ ቅርጹም ያው። የዋጋውን ልዩነት የሞላነው በእኔ የዕቁብ ዕጣና ባለቤቴ ለቤት ብላ ባስቀመጠችው ነው። ያ ሁሉ ብር የተከፈለው ለባትሪው ነበር።

ይህን ሁሉ ለሻጩ ነግሬዋለሁ። እናቴንም፣ ሀዋሳንም፣ 510 የሚለውንም ቁጥር። "ጋሼ፣ ሀዋሳ ደርሰው እያዘፈኑ ነው የሚመለሱት" አለኝ። ማሳያዋን ከፍቶ አስገባኝ። ዳሽቦርዷ 92 በመቶ፣ 469 ኪሎ ሜትር ይላል። ባለቤቴ ፎቶ አነሳችው። ውሉ ሲመጣ "ዩዋን ፕላስ፣ ነጭ" ብቻ ነው የሚለው። ባትሪውስ? ብዬ ጠየቅኩ። "ፎርሙ የሚቀበለው የሞዴል ስም ብቻ ነው፣ እኛ እኮ አለን" አለኝና እስክሪብቶውን አቀበለኝ።

ብሩ ሙሉ ለሙሉ ከገባ በኋላ መኪናዋ ከመጋዘን መጣች። ቻርጇ 20 በመቶ ነበር፣ "ከመርከብ ስትወርድ እንደዚህ ናት" አሉን። ሪባን አሰሩላት፣ ፎቶ አነሱን፣ ባለቤቴ እልል አለች። ማታ ቤት ቻርጀር ላይ ሰክተናት አደረች። ጠዋት 100 በመቶ ሞልታለች፣ ከጎኑ 430 ይላል።

የባለቤቴ ወንድም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ ደውዬ ጠራሁት። የፊት በር ሲከፈት ቋሚው ላይ ትንሽ መለያ አለች፣ በቻይንኛ የተጻፈች። ቻይንኛውን ተዉት፣ ቁጥሮቹን እዩ። የቮልት ቁጥር አለ፣ ከሱ ጋር ደግሞ የአምፒር ሰዓት ቁጥር አለ። የኔዋ 332.8 ቮልት፣ 150 አምፒር ሰዓት ትላለች። ሁለቱን አባዝታችሁ ለሺህ ስታካፍሉ 49.92 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ትንሹ ባትሪ ነው። ከአፕ የሚበልጠው በ5 ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይደለም።

ቀጥታ ወደ መሸጫው ሄድን። ያ ቡና ይዞ የሚሮጠው ልጅ ቀና ብሎም አላየን። ሻጩ ስልኩን እየነካካ ሰማኝ። "ምን ችግር አለው፣ አዲስ መኪና ናት አይደል?" አለኝ። ማሳያዋ እዚያው ቆማለች። በሩን ራሴ ከፈትኩት፣ መለያዋን አየሁ፦ 403.2 ቮልት፣ 150። ጎንበስ ብሎ እንዲያይ በጣቴ አሳየሁት። "ያሳየኸኝ ይቺን ነው፣ የሰጠኸኝ ሌላ ነው፣ ይኸው ተጽፏል" አልኩት።

ጎንበስ አላለም። መለያዋን አላያትም። እጁን ከኔ እጅ በላይ አድርጎ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፣ የበሩን እጀታ በመሀረብ ጠረገው፣ ከዚያ "እሷ ለማሳያ ናት፣ አትሸጥም" አለኝ።

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። አልደነገጠም፣ አላፈረም። ብዙ ጊዜ የተናገረው ነገር እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል። በሩ ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ብር ሳስገባ "እርስዎ" ያለኝ ሰው አሁን "አንተ" ሆኗል። ውሉን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ "510 የሚል የቱ ጋ አለ? ፕላስ ተዋዋልክ፣ ፕላስ ወሰድክ" አለኝ። ባለቤቴ የዳሽቦርዱን ፎቶ ስታሳየው ከኋላ ያሉት ሠራተኞች ሳቁ። እሷ ላይ ነው የሳቁት። ለቤት ያስቀመጠችውን ብር ቆጥራ ያመጣችላቸው ሰው ላይ! ቀጥሎ ያለው ግን ከዚህም ይብሳል። "ካልተመቸህ ሽጣት። 510 ናት ብትል ማን ገልጦ ያያል?" አለኝ። እኔ ላይ የተሠራውን ሌላ ሰው ላይ እንድሠራው ነው የሚመክረኝ።

በዚያው ሰዓት አንድ ወጣት ባልና ሚስት ቡናቸውን ይዘው ማሳያዋን እየዞሩ ያዩ ነበር። "መለያዋን አንብቡ፣ የሚሰጧችሁ ይቺን አይደለም" አልኳቸው። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ልጆቹ ይሰሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።

መኪናዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፋብሪካው ያለውን በግልጽ በሩ ላይ ጽፎ ነው የላከው። የሚያቃጥለኝ እዚህ ያሉት ሰዎች አለማወቃችንን ገበያ ማድረጋቸው ነው። ቪትስ ስንገዛ ሜካኒክ ይዘን እንሄዳለን፣ ሞተር እናስነሳለን፣ ጭስ እናያለን፣ በድምፁ ብቻ የሚለዩ ሰዎች አሉን። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገባው ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪ ደግሞ ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዕቃ ከወለሉ ሥር ተቀብሮ ነው ያለው፣ እነሱም በዚያ ተማምነው ነው የሚጫወቱት።

ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የዳሽቦርዱን ፎቶ፣ የሁለቱን መለያ ፎቶ፣ ውሉንና የባንክ ደረሰኙን አያይዣለሁ። ይህን ካስገባሁ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደውሎ የወለል ምንጣፍና ተጨማሪ ቻርጀር በነፃ እንስጥህ፣ እንታረቅ አለኝ። አልታረቅም። ወይ 510ዋን ይስጡኝ፣ ወይ ብሬን ይመልሱ።

ለናንተ የምለው አጭር ነው። የባትሪው ኪሎዋት ሰዓትና የሻንሲ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አይጻፍም ካሏችሁ ተነሱና ውጡ። ማሳያዋን ሳይሆን የምትረከቧትን ራሷን በር ከፍታችሁ አንብቡ፣ ብሩ ሳይገባ። ለ510ዋ ፕላስ 403.2 ቮልት የሚለውን ነው የምትፈልጉት። ቀብድ ብቻ ከፍላችሁ መኪና የምትጠብቁ ካላችሁ ደግሞ ቀሪውን ከማስገባታችሁ በፊት ዛሬውኑ ሄዳችሁ መጋዘን ያለችውን አሳዩን በሏቸው።