ከፋብሪካ ተስተካክሎ መጥቶ ጅማ ላይ የሚያጎድል ሚዛን

ሚዛኑ ደህና ነው። ይሄን መጀመሪያ ልበል፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ቅሬታ ነው። እስከ 30 ኪሎ የሚመዝን፣ በ5 ግራም የሚቆጥር ዲጂታል ሚዛን ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል። ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል። ጅማ ውስጥ ሄርማታ አካባቢ ማርና ኮረሪማ ለምንነግድ ሰዎች ከዚህ የበለጠ አያስፈልገንም።

ግን ያጎድል ነበር።

ነገሩን ያወጡት ጎረቤቴ ናቸው። ቅመም የሚሸጡ አዛውንት ናቸው፤ ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን እስከ ዛሬ አልጣሉትም። አንድ ቀን ድንጋዮቻቸውን አምጥተው የኔ ሚዛን ላይ አስቀመጡ። 5 ኪሎው 4.990 አለ። 10 ኪሎው 9.980። «ልጄ፣ የኔ ድንጋይ አይሰርቅም» አሉኝ። ድንጋይም ቢሆን ያረጃል፣ ይቦረቦራል ብዬ ሚዛን የሚመረምር ባለሙያ ጠራሁ። እሱ የያዘው ኤም 1 የሚባለው ደረጃ ድንጋይ ነው፤ 10 ኪሎው ከግማሽ ግራም በላይ እንዲሳሳት አይፈቀድለትም። በጓንት አንስቶ ሳህኑ መሃል ላይ አስቀመጠው። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ቆመ፤ 9.980። በአራቱም ማዕዘን አዟዙሮ ሞከረው፣ ያው ነው። ውሃ ልኩን አየ፣ ሚዛኑ አልተጋደመም። ባዶውን ዜሮ ይላል።

ያኔ ነው ነገሩን ያስረዳኝ። ጉድለቱ ከክብደቱ ጋር እኩል እያደገ ነው፤ በ5 ኪሎ 10 ግራም፣ በ10 ኪሎ 20 ግራም። ዜሮው ቢሳሳት ኖሮ ሁሉም ላይ እኩል ያጎድል ነበር። ዲጂታል ሚዛን ውስጥ የሚነጻጸር ድንጋይ የለም። ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ዕቃ ሲጫንበት ዘንጉ ለዓይን በማይታይ መጠን ይታጠፋል፣ ላዩ ላይ የተለጠፉት ስስ ሽቦዎች ይለጠጣሉ፣ ለኤሌክትሪክ ያላቸው መቋቋም ይቀየራል፣ ያ ለውጥ ነው ኪሎ ሆኖ የሚነበበው። ስለዚህ የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ኃይሉ ደግሞ በመሬት ስበት ይወሰናል፣ ስበቱም በየቦታው አንድ አይደለም። ምድር ወገብ ላይ 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው፣ ዋልታዎቹ ላይ 9.83፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከባሕር ወለል በላይም ከ1,700 ሜትር በላይ ነች። ስበቱ ጠንከር በሚልበት አገር የተስተካከለ ሚዛን እዚህ ሲመጣ ያው ማር ቀሎ ይታየዋል። መደበኛ በሚባለው 9.80665 ቢስተካከል ኖሮ 10 ኪሎ ላይ 30 ግራም ያህል ይበላ ነበር።

የጎረቤቴ ሚዛን ይሄ አይነካውም። ስበቱ ቢቀንስ በሁለቱም ሳህን ላይ እኩል ነው የሚቀንሰው፤ ማሩም ድንጋዩም አብረው ይቀላሉ፣ መርፌው መሃል ላይ ይቆማል። ድንጋዩ ትክክል እስከሆነ ድረስ ጅማም ይሁን አሰብ ኪሎው ያው ኪሎ ነው። ለዚህ ሚዛን ያለኝ አክብሮት ጨምሯል።

የሚያናድደኝ ሻጩ ነው። ስገዛ «ይሄ ከፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣ ነው እህቴ፣ እንዳትነካኪው» አለኝ። የት ላይ ነው የተስተካከለው ወንድሜ? «20 ግራም ምን አላት» እንደምትለኝም አውቃለሁ። እኔ ማር የምገዛው ከገበሬ ነው። አንድ ፈረሱላ፣ 17 ኪሎ ተሸክሞ ከገጠር የመጣ ሰው ከ30 ግራም በላይ ሳይከፈለው ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ገበያም ያው ይደገማል። ሰውዬው ቁጥሩን አይቶ፣ አምኖ ነው የሚሄደው። ስሸጥ ደግሞ ጉድለቱ ወደ እኔ ይዞራል፣ ገዢው ሳያውቀው ትርፍ ይወስዳል። በየትኛውም በኩል አንድ ሰው ይጎዳል፣ አንተ ግን ሸጠህ ጨርሰሃል።

ማስተካከሉ ደግሞ ቀላል ነበር። ባለሙያው ሚዛኑን አብርቶ ለትንሽ ጊዜ እንዲሞቅ ተወው፣ ወደ ማስተካከያው ገባ፣ ድንጋዩን ጫነበትና «10 ኪሎ ማለት ይሄ ነው» ብሎ አስያዘው። ከዚያ ወዲህ 10.000 ይላል፣ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ይህን ሥራ ሻጩ እዚሁ፣ ሱቁ ውስጥ፣ በአንድ ደህና ድንጋይ መሥራት ይችል ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ በአጭሩ። ዕቃ መያዣውን አስቀምጣችሁ ዜሮ ካደረጋችሁ በኋላ ኮረሪማ በጣም ቀስ እያላችሁ ጣል ጣል አታድርጉ። ሚዛኑ ዜሮውን ራሱ ስለሚጠብቅ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ግራሞች ሊውጣቸው ይችላል። ደህና አድርጋችሁ ጨምሩና ከዚያ አስተካክሉ።

ልትገዙ ከሆነ ከሱቁ ሳትወጡ የተመረመረ 5 ወይም 10 ኪሎ ድንጋይ አስጭኑበት። ድንጋይ የለንም ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። እኔ ሚዛኑን በመግዛቴ አልቆጭም፣ ሌላ ቢያስፈልገኝም ይሄንኑ ዓይነት ነው የምገዛው፤ ከዚያ ሰውዬ ግን አይደለም።