ጥቁር መርሴዲስ፣ ሴራሚክ ኮቲንግና የአዲስ አበባ አቧራ

ሴራሚክ ኮቲንግ የመኪና ቀለም ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር ቀጭን መከላከያ ነው። ስለ እሱ ከሚወራው ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር ኢ-ክላሴን አስቀብቼ ክረምቱንም በጋውንም አዲስ አበባ ውስጥ ነድቼዋለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልናገር።

የፋብሪካ ቀለም ከላዩ ክሊር ኮት የሚባል ቀለም አልባ ቫርኒሽ አለው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከራስ ፀጉር የሚቀጥን ማለት ነው። ብልጭታውም ጭረቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ጭረትን በተሻለ የሚቋቋም የናኖ ቅንጣት ቫርኒሽ ይጠቀማል። ጥቁር ቀለም ላይ ግን እሱም አይበቃም። ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ የእጥበት ጭረቱ ሁሉ ይወጣል።

ኮቲንግ ይህን ጭረት አያጠፋም። የነበረውን እንዳለ ይዞ ያስቀምጠዋል። ዋናው ሥራ ከመቀባቱ በፊት ያለው ነው፦ በደንብ ማጠብ፣ የተጣበቀውን ቆሻሻ በክሌይ (ቆሻሻ በሚያነሳ ለስላሳ ሸክላ መሰል ነገር) ማንሳት፣ በማሽን ፖሊሽ ማድረግ፣ የፖሊሹን ዘይት በአልኮል መጥረግ። ሰው የሚያደንቀው ብልጭታ የፖሊሹ ነው። ባለሙያ ስትመርጡ የቀለም ውፍረት መለኪያ እንዳለው ጠይቁ። ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ቫርኒሹ ይሳሳል፤ ሳይለካ የሚፈትግ ሰው ጠርዝ ላይ ቀለሙን ሊጨርሰው ይችላል።

ጥቅሙን ያየሁት በአቧራው ነው። ግንባታ የሌለበት ሰፈር የለም፣ የሲሚንቶ ብናኝ በየቀኑ ይቀመጥበታል። ያንን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ከመፈተግ አይለይም። አሁን የውሃ ግፊት ብቻውን አብዛኛውን ያወርደዋል። እጅ በነካው መጠን ነው መኪና የሚጫረው፣ ስለዚህ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያልወደድኩት የውሃ ምልክቱን ነው። ብዙ ላቫጆ የጉድጓድ ውሃ ይጠቀማል። ኮቲንጉ ውሃውን ጠብታ ጠብታ ስለሚያደርገው ፀሐይ ላይ ከደረቀ ማዕድኑ ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ጥላ ውስጥ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ነው። የራሴን ጓንት፣ ማይክሮፋይበር ፎጣና የመኪና ሻምፖ ይዤ ነው የምሄደው። «ወንድሜ፣ በዚህ እጠብልኝ» ስል የሚከፋ አጣቢ አላጋጠመኝም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ሊነካው አይገባም፤ ኮቲንጉን ያደክመዋል።

የወፍ ኩስም እንደበፊቱ ቶሎ መነሳት አለበት። አሲድ ስለሆነ ፀሐይ ካገኘው ኮቲንጉን አልፎ ቫርኒሹን ይበላል።

ሻጮች «9ኤች ነው፣ ምንም አይጭረውም» ይላሉ። 9ኤች የተለያየ ጥንካሬ ባላቸው እርሳሶች እየጫሩ የሚለካ የላብራቶሪ ደረጃ ነው፣ ኮቲንጉም ራሱ ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከፊት መኪና የሚፈናጠር ጠጠርን አይመልስም። ለዚያ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚደርሰው፣ ቀለሙ ላይ የሚለጠፍ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ መከላከያ ፊልም ነው የሚሠራው።

ጎኖቹ ላይ ውሃው አሁንም እንደ መጀመሪያው ይንሸራተታል። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ግን ደከም ብሏል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ቀላል አይደለም።

ለጥቁር መኪና ደግሜ አስቀባዋለሁ። ነጭ ወይም ብርማ ከሆነ ጥሩ ፖሊሽና በየጊዜው ሰም ይበቃዋል። በሚቀጥለው ዙር ኮፈኑንና የፊት ፓራውልቱን ፊልም አስለብሼ፣ ኮቲንጉን ከላዩ አስቀባለሁ።