ሐዘንንም ጠይቆ የመረመረ የደሴ ክሊኒክ
የአባቴ አርባ ሳይወጣ እናቴ ደረታቸውን እየወጋቸው እንቅልፍ ስላጡ፣ ደሴ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለክቶ የልብ ምርመራ ካዘዘ በኋላ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበሳቸውን አስተውሎ ማን እንደሞተባቸው በለሆሳስ ጠየቃቸው፤ ድንገተኛ ሐዘን እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖችን አብዝቶ የልብን ጡንቻ ለጊዜው ሊያዳክም እንደሚችል፣ ይህንንም ሕመም የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 «ታኮትሱቦ» ብለው እንደሰየሙት ሳይቸኩል አስረዳን። የእናቴ ልብ፣ ተመስገን፣ ደህና ነበር፤ ግፊታቸው ግን ከፍ ብሏል፤ ለካ በለቅሶው ግርግር መድኃኒታቸውን ከዋጡ ሰንብተዋል። ካርድ ክፍል የገጠመን ግልምጫና የሦስት ሰዓት ጥበቃ ቅር ቢያሰኘኝም፣ ለቀጠሮው እዚያው እንመለሳለን።