ቲንክፓድ ቲ480 ከወራት በኋላ፦ ነገሩ ሁሉ ያለው ከኋላ ባለው ባትሪ ነው

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ዛሬ ሱቅ ገብተህ እንደገና ምረጥ ብባል ይህንኑ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ቲንክፓድ ቲ480ን፣ አነሳለሁ። ፕሮሰሰሩን ብዬ አይደለም። ከኋላው ተነቅሎ የሚወጣውን ባትሪ ብዬ ነው።

ስገዛው ስለ ባትሪው ትንፍሽ ያለልኝ ሰው አልነበረም። የሱቁ ልጅ "ኮር አይ ፋይቭ፣ ኤይት ጄኔሬሽን" ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ደግሞ ልቤን ወደ ሌላ ላፕቶፕ ሊመልሰው ሞከረ። "ብራዘር፣ ይሄ ወፍራም ነው። ስሊሙን ውሰድ፣ ከሱ ጋር ብዙም የዋጋ ልዩነት የለውም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተከራክሬዋለሁ። ስሊሙ ውስጥ ያለው ባትሪ ሲደክም ምን ላደርግ ነው? መብራት ሲሄድስ? መልስ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ከውስጥ የተቀመጠ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የሚይዝ ነው። ሌላው ከኋላ የሚገጠመው ሲሆን በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት ሰዓት ተሠርቷል። ላፕቶፑ ቀድሞ የሚጨርሰው የኋላውን ነው። የውስጠኛውን ሳይነካ ያቆየዋል። ስለዚህ የኋላው ሲያልቅ ነቅላችሁ የሞላ ባትሪ እስክትሰኩ ድረስ ማሽኑ በውስጠኛው ይሠራል። ማጥፋት የለም፣ ፋይል መዝጋት የለም።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ሐምሌ ሲገባ የግብር ሰሞን ነውና ደንበኞቼ ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ሲጠና መብራቱ ይሄዳል። አንድ ምሽት የአንዲት ልብስ ነጋዴ የዓመት ሽያጭ እየደመርኩ ሳለ ሰፈሩ ጨለመ። ብዙም ሳይቆይ የባትሪው ምልክት ዝቅ አለ። ላፕቶፑን ከኋላ ከፍ አደረግኩት። ከሥሩ ሁለት መቀርቀሪያ አለ። አንዱን ሲገፉት እዚያው ይቀራል፤ ሌላው ስፕሪንግ ስላለው በጣት ይዞ ማቆየት ይፈልጋል። በዳሰሳ ሠራሁት። ያለቀው ወጣ፣ የሞላው ገባ፣ ቀጭ አለ። ኤክሴሉ የነበረበት ረድፍ ላይ እንዳለ ነው። ሴትዮዋ በስልካቸው መብራት ደረሰኝ እያነበቡልኝ ነበርና "ጠፋ እንዴ?" አሉኝ። "አልጠፋም እትዬ፣ ቀጥሉ" አልኳቸው። ቀጠሉ። ያን ምሽት ይህን ላፕቶፕ ወደድኩት።

ስክሪኑን ዝቅ አድርጌ ኤክሴል ብቻ ስከፍት ማሽኑ ከ7 እስከ 9 ዋት ይበላል። ሁለቱ ባትሪዎች ደህና ከሆኑ፣ 24 እና 72 ተደምሮ 96 ዋት ሰዓት ነው። በ8 ዋት ሲካፈል 12 ሰዓት። ሁለተኛ የኋላ ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ካለ ደግሞ የመብራት ነገር የሌላ ሰው ጭንቀት ይሆናል። "ፓወር ባንክ ግዛ" የሚሉኝም አሉ። ፓወር ባንክ ጥሩ ነው፤ ግን በገመድ የሚንጠለጠል ሌላ ዕቃ ነው፣ ላፕቶፕ ለመሙላትም አቅም ያለው ተመርጦ ነው የሚገዛው። የእኔ ባትሪ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ነው የዚህን ብራንድ ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት። ይህን ያሰበው ማን ነው ብዬ።

የመጀመሪያው ዝነኛ ቲንክፓድ፣ 700ሲ፣ በአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ በአይቢኤም ስም እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ። ቅርጹን የሰጠው ጀርመናዊው ዲዛይነር ሪቻርድ ሳፐር ነው። መነሻው የጃፓኖች ምሳ ዕቃ ነበር፦ ከውጭ ጥቁርና ዝም ያለ ሳጥን፣ ሲከፈት ውስጡ በሥርዓት የተደረደረ። ምሕንድስናውን ጃፓን ውስጥ በያማቶ ከተማ ባለው ላቦራቶሪ የመራው አሪማሳ ናይቶ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የቲንክፓድ አባት ይባላል። በኪቦርዱ መሐል ያለችው ቀይ ነጥብ የቴድ ሴልከር ሐሳብ ናት። ጣት ከፊደሎቹ ሳይነሳ ጠቋሚውን ማንቀሳቀስ ነው ዓላማዋ። ቁጥር ሙሉ ቀን ለሚያስገባ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀለሟም ያከራከረ ነው። በአይቢኤም ደንብ ቀይ ለአደጋ ጊዜ ማጥፊያ የተተወ ቀለም ነበርና፣ ዲዛይነሮቹ "ይህ ማጀንታ ነው"፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ብለው አሳለፏት።

ሻጮች ጠፈር የሄደ ላፕቶፕ ነው እያሉ ያወራሉ። እውነት ነው፤ በ1993 ሃብል ቴሌስኮፕን ሊጠግን በወጣው የጠፈር መንኮራኩር ላይ ቲንክፓድ ነበር። እኔን ግን የሚገደኝ እዚህ ምድር ላይ ስንት ዓመት እንደሚጠገን ነው።

የቲንክፓድ ወዳጆች የሚባሉት ሰዎች ዋጋም እዚህ ላይ ነው። በ2005 አይቢኤም የኮምፒውተር ክፍሉን ለቻይናው ሌኖቮ ሲያስተላልፍ ብዙዎቹ "አለቀ፣ ቲንክፓድ ሞተ" አሉ። በ2012 የድሮው ባለ ሰባት ረድፍ ኪቦርድ ቀርቶ ባለ ስድስት ረድፉ ሲመጣ ቁጣው ባሰ። ግን ተቆጥተው አልተቀመጡም። የድሮውን ኪቦርድ ከያዘው ከቲንክፓድ ኤክስ220 ነቅለው አዲሱ ኤክስ230 ላይ መግጠም ጀመሩ። ቻይና ውስጥ ፊፍቲዋን ኤንቢ የሚባል የአፍቃሪዎች ቡድን ደግሞ ከዚያ አለፈ። በ2008 ለወጣው ለኤክስ200 ቀፎ አዲስ ማዘርቦርድ ሠርቶ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አስገባበት። የእኔው ቲ480 ያለው ትውልድ ማለት ነው። ሌኖቮም ጩኸቱን ሰማ። በ2017፣ ለ25ኛ ዓመቱ፣ የድሮውን ኪቦርድ የያዘ ልዩ ቲንክፓድ አወጣ።

እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። "እውነተኛው ቲንክፓድ የአይቢኤሙ ብቻ ነው" የሚሉትን አልቀበልም። እኔ ያመሰገንኩት የሁለት ባትሪ አሠራር ፓወር ብሪጅ ይባላል። የመጣውም በ2013 በቲ440ኤስ እና በኤክስ240 ነው፤ በሌኖቮ ዘመን። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። በ2019 ቲ490 ሲወጣ የኋላው ባትሪ ቀረ። ከሁለቱ የራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) መክተቻዎችም አንዱ ጠፍቶ ከፊሉ ራም ቦርዱ ላይ ተበየደ። ትንሽ ለመቅጠን ሲባል! ማን እንደለመነ አላውቅም። መብራት በየቀኑ የማይቋረጥበት አገር ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። እኛን የጠየቀን የለም።

ቲ480ን ግን ከፍቶ ማየት ደስ ይላል። ኩባንያው የጥገና መመሪያውን ለማንም በነፃ ይለቃል። የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ፣ የትኛው ዕቃ በምን ቁጥር እንደሚታዘዝ ሁሉ ተጽፏል። እኔም እሱን አይቼ በአንድ ካቻቢቴ ራሙን ጨመርኩ። የሥረኛው ክዳን ብሎኖች ሲላሉ ከክዳኑ ጋር ስለሚቀሩ ወለል ላይ ተንበርክኮ መፈለግ የለም። ከመክፈታችሁ በፊት ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ የውስጡን ባትሪ ማቋረጥ እንዳትረሱ፤ ለዚሁ የተሠራ ምርጫ አለው።

ሌላው ሌላው እንደ ማንኛውም ላፕቶፕ ነው። ይሠራል። የእኔው ስክሪን ብርሃኑ 250 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ላይ አትድከሙ።

ለመግዛት ካሰባችሁ እነዚህን እዩ። ቻርጅ የሚያደርገው በታይፕ ሲ ነው። ከታይፕ ሲ ሶኬቶቹ አንዱ ተንደርቦልት የሚባለው ነው፤ ለእሱ የፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ ያለ ሶፍትዌር) ማስተካከያ ወጥቷልና ያልተጫነበት ከሆነ ቀድማችሁ ጫኑ፤ ካልሆነ ያ ሶኬት ሊበላሽ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ቻርጀሩን በሁለቱም ታይፕ ሲ ሶኬቶች ሞክሩት። ዊንዶውስ ላይ የባትሪ ሪፖርት አውጡና ሁለቱም ባትሪ አዲስ ሳለ የያዘውንና አሁን የሚይዘውን አስተያዩ። ከግማሽ በታች ከወረደ ዋጋ አስቀንሱ እንጂ አትሽሹ፤ የኋላው ይቀየራል፣ የውስጡም ይቀየራል።

ከሁሉ በላይ ስሙን በደንብ አንብቡ። ቲ480ኤስ የሚባል ቀጭን ወንድም አለው፤ ሻጩም "ያው ነው፣ እንዲያውም ይሻላል" ይላችኋል። ያው አይደለም፣ የኋላ ባትሪ የለውም። ላፕቶፑን ገልብጡት። ሁለቱ መቀርቀሪያዎች ከሌሉ መልሱለት።